ስለ ወንጀል መንስኤ የሚያስተምረውን የ8 ሳምንት ኦንላይን ኮርስ ጨረስኩት (ከ5 ኮከብ 4፣ አራተኛዋን እያመነታሁ)

መጀመሪያ ለምን እንደገባሁበት ልናገር፣ ምክንያቱም ሬቪው የሚያነብ ሰው ጸሐፊው በምን ንዴት ላይ እንደነበረ ማወቅ አለበት። ቤቴ ተሰርቋል። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ፣ በአምስት ሳምንት ልዩነት፣ በዛው በአንዱ መስኮት። መጀመሪያ ላፕቶፔን ወሰዱ፣ አዲስ ገዝቼ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ላስቲክ እንኳን ሳልልጣት ድጋሚ መጡ። እና አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ስልኬን ስጎረጉር "ሰው ለምን ወንጀል ይሰራል? ማህበረሰቡስ ምን ያድርግ?" የሚል የኮርስ ማስታወቂያ ብቅ አለ። እኔ በሰዓቱ መልሱን አውቀው ነበር፣ እጅ መቁረጥ ነበር መልሴ። የተመዘገብኩት ለመማር ሳይሆን ለመጨቃጨቅ ነው፣ ይሄንን ልደብቃችሁ አልፈልግም።

የኮርሱን ስም አልጠራም፣ ከታች የማነሳቸው ቅሬታዎች ስላሉና እንደሱ ዓይነት ኮርስ አሁን ብዙ ስላለ። ምን ምን ማየት እንዳለባችሁ ካወቃችሁ ይበቃል።

አቀራረቡ እንዲህ ነው፦ 8 ሳምንት፣ በየሳምንቱ ሦስት ወይ አራት የተቀዳ ቪዲዮ፣ አንድ ፒዲኤፍ፣ አጭር ኪዊዝ፣ ከዛ ቅዳሜ በዙም የአንድ ሰዓት ተኩል ላይቭ ክርክር። አስተማሪዎቹ ሁለት ናቸው፣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰውዬና አንዲት ወጣት ሴት፣ እሷ ስትናገር ይገባችኋል፣ እሳቸው ሲናገሩ ደግሞ ይገባችሁና ሰዓቱ ያልፋል። ቪዲዮዎቹ መጥፎ አይደሉም ግን እውነቱን ለመናገር ኮርሱን ኮርስ ያደረገው የቅዳሜው ክርክር ነው፣ ቪዲዮ ብቻ የሚያስመዘግበውን ርካሽ ፓኬጅ ከወሰዳችሁ ግማሹን አልወሰዳችሁም ማለት ነው።

አንደኛው ሳምንት ታሪክ ነው። ታሪክ ሲባል አዛጋለሁ፣ ይሄኛው ግን አላዛጋኝም። ቤካሪያ የሚባል የ26 ዓመት የሚላን ልጅ በ1764 (ዓመተ ምህረቱ በሙሉ በፈረንጅ ነው) አንድ ቀጭን መጽሐፍ ጽፎ ሰውን ከወንጀል የሚያስቆመው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን ቅጣቱ የማይቀር መሆኑና ቶሎ መምጣቱ ነው አለ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እስከ መጨረሻው ሳምንት እየተመላለሰች ትመጣለች። ምሳሌ ተብሎ የቀረበው እንግሊዝ ነው፣ እዛ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በሞት የሚያስቀጡት ወንጀሎች ከ200 በላይ ነበሩ፣ ኪስ ማውለቅ ራሱ እስከ 1808 ድረስ ያሰቅል ነበር፣ እና ሰው ሲሰቀል ሊያይ በተሰበሰበው ህዝብ መሃል ኪስ አውላቂዎቹ ተሯሩጠው ስራቸውን ይሰሩ ነበር ይባላል። ቪዲዮውን አቁሜ ሳቅኩ። ከዛ ግን እጅ ይቆረጥ ያልኩት እኔ ራሴ ትዝ አልኩኝና ሳቁን ቀነስኩት።

ሎምብሮሶም አለ እዛው ሳምንት ላይ፣ በ1876 ወንጀለኛ ከእናቱ ማህጸን ጀምሮ ወንጀለኛ ነው፣ በመንጋጋውና በጆሮው ይለያል ያለው ጣልያናዊ ሐኪም። በኋላ ጎሪንግ የሚባል እንግሊዛዊ የእስር ቤት ሐኪም ከ3 ሺህ በላይ እስረኞችን አስለክቶ በ1913 ውጤቱን ሲያወጣ የተባለው መልክ የለም። ይሄ ነገር በሳይንስ ደረጃ ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል፣ እኛ ግን ዛሬም "ፊቱ ራሱ ሌባ ይመስላል" እንላለን፣ ሎምብሮሶ ማን እንደሆነ እንኳን ሳናውቅ።

የሁለተኛው ሳምንት ክርክር ላይ ነው ጭቅጭቁ የጀመረው። ርዕሱ ድህነት ነው ወይስ አመል የሚል ነበር። ግሩፓችን ውስጥ 30 ዓመት እስር ቤት በጠባቂነት ሰርተው ጡረታ የወጡ ሰውዬ አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ማይካቸውን መዝጋት አይችሉበትም ስለዚህ ሳላቸውም አስተያየታቸውም እኩል ይሰማል። "ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፣ እኔ ያየሁት ይሄንን ነው፣ ሀብታም ሆኖም ይሰርቃል" አሉ። ሶሻል ወርክ የምትማር አንዲት ልጅ ደግሞ ድህነትን አጥፉና ወንጀል ይጠፋል ብላ ተነሳች፣ እኔ በልቤ ከጋሼ ጋር ነበርኩ።

አስተማሪዋ ያደረገችው ነገር ጎበዝ የሚያሰኝ ነው፣ ሁለቱንም አፋቸውን አስያዘቻቸው። ለልጅቷ፦ አሜሪካ በ1960ዎቹ ኢኮኖሚው እያደገ ወንጀሉ አብሮ ጨመረ፣ በ2008 ደግሞ ኢኮኖሚው ወድቆ ስራ አጡ ሲበዛ ወንጀሉ መውረዱን ቀጠለ፣ ታዲያ ድህነት ብቻ ከሆነ ይሄ እንዴት ሆነ? ለጋሼ ደግሞ ቺካጎን አመጣችላቸው። ሾው እና ማኬይ የሚባሉ ተመራማሪዎች የከተማውን የወጣት ጥፋተኞች መዝገብ ለአሥርት ዓመታት ሲያገላብጡ አንዳንድ ሰፈሮች ሁሌ ከላይ ናቸው፣ ነዋሪው ግን ያው አይደለም፣ ከአንድ አገር የመጣው ስደተኛ ኑሮው ሲሻሻል ይለቅና ከሌላ አገር የመጣ ይገባል፣ ሰዎቹ ይቀያየራሉ የሰፈሩ ቁጥር ግን እንዳለ ነው፣ የወጡትም ልጆች ሌላ ሰፈር ሲሄዱ የዛኛውን ሰፈር ሰው ይመስላሉ። አመል ከሆነ አመሉ ከሰውየው ጋር አብሮ መውጣት አልነበረበትም?

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና "ታዲያ አፈሩ ነው የሚሰርቀው?" አሉ። ሁላችንም ሳቅን፣ ግን የኮርሱ ምርጥ ጥያቄ እሱ ነበር በኔ እይታ። መልሱም አፈሩ ሳይሆን ሰው እየገባ እየወጣ ማንም ማንንም የማያውቅበት ቦታ፣ የሰው ልጅ ሲያጠፋ ተው የሚል ጎረቤት የሌለበት ቦታ ነው የሚል ነው። ድህነቱ አለበት፣ ግን ብቻውን አይደለም። ሜርተን የሚባል አሜሪካዊ የማህበረሰብ ተመራማሪ በ1938 የጻፈውም እዚህ ጋ ገባ፣ ለሁሉም ሰው ሀብታም ሁን እየተባለ መንገዱ ግን ለጥቂቱ ብቻ ሲከፈት ነው ችግሩ ይላል፣ እጦት ሳይሆን በምኞትና በመንገዱ መሃል ያለው ክፍተት።

ከዛ አስተማሪው ሳዘርላንድን አነሱ፣ በ1939 ንግግር አድርጎ ስለ ወንጀል ስናወራ ለምን ከረባት ያሰሩትን አንቆጥርም ያለውን ሰው፣ ድርጅት ውስጥ ተቀምጠው በፊርማ የሚዘርፉትን ማለት ነው። ወንጀልን በድህነት ብቻ የሚያስረዳ ሁሉ እነሱን ማስረዳት አይችልም። ጋሼ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "እነሱ እኔ ጋ አልመጡም።" በቃ፣ ማይኩን ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ዘጉት።

ሦስተኛው ሳምንት ስለ ዕድሜና ቤተሰብ ነው፣ በፍጥነት ልለፈው። ወንጀል መስራት በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ጣራ ይነካና ከዛ በኋላ ይወርዳል፣ አብዛኛው ጎረምሳ ጥቂት ያጠፋና ስራ ሲይዝ ትዳር ሲይዝ ይተወዋል። ጥቂቶች ግን አይተዉትም። ፊላደልፊያ ውስጥ በ1945 የተወለዱ 9,945 ወንዶች ልጆችን መዝገብ የተከታተለ ጥናት ላይ 6 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት ብቻቸውን ከጠቅላላው ጥፋት ከግማሽ በላዩን ሰርተዋል። ግሩፑ በሙሉ "ታዲያ እነዚህን 6 ከመቶ በልጅነታቸው ለይቶ መያዝ ነዋ!" አለ፣ እኔም ጮሄያለሁ። መልሱ ቀዝቃዛ ውሃ ነበር፣ ቁጥሩ የታወቀው ልጆቹ ካደጉ በኋላ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው፣ የ10 ዓመት ልጅ ፊት ለፊት አስቁማችሁ እሱ ይሁን ሌላው አታውቁም፣ ብትገምቱ ደግሞ ከምትይዙት ውስጥ ብዙው ምንም የማያደርግ ልጅ ነው፣ አንዴ ሌባ ብላችሁ ከጠራችሁት በኋላ ደግሞ ስሙ ራሱ ስራ ይሰራል። ሂርሺ የሚባል ተመራማሪ ያነሳት ጥያቄም እዚህ ሳምንት ላይ ነው ያለችው፣ 1969፣ ሰው ለምን ያጠፋል ከማለት ይልቅ አብዛኛው ሰው ለምን አያጠፋም ብላችሁ ጠይቁ የሚል። ሁለት ቀን አብራኝ ዋለች። እኔ ለምን አልሰርቅም? ፖሊስ ፈርቼ ነው? አይመስለኝም፣ እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች የሚለው ነው መሰለኝ ከሁሉም በላይ።

አራተኛው ሳምንት ለኔ የተሰራ ነው የሚመስለው። ኮሄንና ፌልሰን የሚባሉ ሰዎች በ1979 ያሉት ነገር ሲሰሙት እዚህ ግባ የማይባል ነው፦ ወንጀል እንዲሰራ ሦስት ነገር በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው፣ ለመስረቅ የተዘጋጀ ሰው፣ የሚሰረቅ ነገርና የሚጠብቅ ዓይን አለመኖሩ። ይኸው ነው? አልኩ። ከዛ ግን ያን የ1960ዎቹን የአሜሪካ እንቆቅልሽ በዚህ ፈቱት፣ ሰው ሀብታም ሲሆን ቤት ውስጥ የሚሰረቅ ዕቃ በዛ፣ ዕቃውም እየቀለለ መጣ፣ ቴሌቪዥን በአንድ ሰው ትከሻ የሚሄድ ሆነ፣ ሴቶችም ስራ ሲገቡ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆነ። ሌባው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን በሩ ስለተከፈተለት።

የሚያስደንቀኝ ምሳሌ ግን የጀርመኑ ነው። ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሄልሜት ያድርግ የሚለው ህግ ቀድሞ ነበረ፣ በ1980 ላይ ያላደረገ በገንዘብ ይቀጣ ተባለ። ዓላማው ጭንቅላት ማትረፍ ነው፣ ስለ ስርቆት ማንም አላሰበም። ግን በዓመት ወደ 150 ሺህ ይጠጋ የነበረው የሞተር ስርቆት በ1986 ወደ 54 ሺህ ወረደ! ለምን ቢባል፣ ድንገት የቆመ ሞተር አይቶ ሊነዳው ያማረው ሰው ኪሱ ውስጥ ሄልሜት የለውም፣ ያለ ሄልሜት ከነዳ ደግሞ የመጀመሪያው ፖሊስ ያስቆመዋል። ጋሼ ወዲያው "እሱማ መኪና መስረቅ ይጀምራል" አሉ፣ እኔም ያንኑ ነበር ልል ያሰብኩት። ግን የመኪናው ስርቆት በዛ ልክ አልጨመረም። ሌባ ውሃ አይደለም፣ በአንዱ ሲደፈን ሁሌ በሌላው አይፈስም፣ ብዙው በአጋጣሚ አይቶ የሚሰርቅ ነው፣ አጋጣሚው ከሌለ የተወሰነው ይተወዋል።

እና ከዛ ሳምንት ፒዲኤፍ ውስጥ አንድ ገጽ ላይ ስለ ተደጋጋሚ ስርቆት የሚል አለ፣ አንዴ የተሰረቀ ቤት ድጋሚ የመሰረቅ ዕድሉ ካልተሰረቀው ይበልጣል፣ በተለይ በቀጣዮቹ ሳምንታት፣ ምክንያቱም ሌባው መግቢያውን መውጫውን አውቆታል፣ የተሰረቀው ዕቃ በአዲስ እንደሚተካም ያውቃል። የኔ ላፕቶፕ! ከነላስቲኳ! እኔ እኮ አንድ ወር ሙሉ ምን አድርጌ ነው፣ የማን እርግማን ነው፣ ማን ጠቁሞብኝ ነው እያልኩ ሰፈሩን በሙሉ ስጠረጥር ነበር። እንግሊዝ አገር ሮችዴል ውስጥ ኪርክሆልት በሚባል መንደር በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሰራ ፕሮጀክት አለ፣ ያደረጉት ነገር መላውን መንደር መጠበቅ ሳይሆን የተሰረቀውን ቤት ቶሎ ማጠናከርና በዙሪያው ያሉ ጎረቤቶች ዓይን እንዲጥሉበት ማድረግ ነው፣ ቤት ውስጥ ሳንቲም የሚጠራቀምባቸውን የመብራትና የጋዝ ቆጣሪዎችም ማንሳት፣ ስርቆቱ ክፉኛ ወረደ። ያን ቀን ማታ መስኮቱን የሚሸፍነውን ቁጥቋጦ ቆረጥኩት፣ መቀርቀሪያ አስገባሁ፣ ፊት ለፊት ያሉትን ጎረቤት ሄጄ ተዋወቅኳቸው፣ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ስንኖር ስማቸውን አላውቅም ነበር። ለዚህ ሳምንት ብቻ የከፈልኩት ብር ሃላል ነው።

አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። ይሄ ሐሳብ ሌባው ለምን ሌባ ሆነ የሚለውን ጭራሽ አይነካውም፣ እዛ ጥግ ላይ ለመስረቅ የተዘጋጀ ሰው ብሎ ያስቀምጠውና ያልፈዋል። አስተማሪዋን ጠየቅኳት፣ የመለሰችልኝ ነገር ለኔ የኮርሱ ቁልፍ ነው፦ ማን ወንጀለኛ ይሆናል የሚለውና ወንጀል የትና መቼ ይሰራል የሚለው ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው፣ ሰው የሚጨቃጨቀው አንዱ የመጀመሪያውን ሌላው ሁለተኛውን እየመለሰ ነው። እውነቷን ነው፣ ጋሼና ልጅቷ እስከዛ ድረስ የተጨቃጨቁት ስለ አንድ ነገር አልነበረም።

አምስተኛው ሳምንት ፖሊስና እስር ቤት፣ እዚህ ጋ ኮርሱ ጥሩም ነው ነውርም አለው። ጥሩው፣ አሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ላይ በ1972 እና 73 አሥራ አምስት የጥበቃ ቀጠናዎችን ለሦስት ከፍለው በአንዱ የፖሊስ መኪና መዞሩን አቆሙ (ሲጠሩ ብቻ ይመጣሉ)፣ በአንዱ እንደነበረ ተዉት፣ በአንዱ ጨመሩት፣ በወንጀሉም ሆነ በህዝቡ ፍርሃት ላይ የረባ ልዩነት አልታየም፣ ሰዉ ልዩነት መኖሩን ራሱ ልብ አላለም። ይሄ ማለት ፖሊስ አይጠቅምም ማለት አይደለም፣ በኋላ የተሰሩ ሙከራዎች ፖሊስ ወንጀል የሚበዛባቸው ጥቂት መንገዶችና ጥጎች ላይ ሲያተኩር እንደሚሰራ አሳይተዋል፣ ዝም ብሎ መዞር ነው የማይሰራው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጎረምሶችን እስር ቤት ወስደው የዕድሜ ልክ እስረኛ እንዲጮህባቸው የሚያደርጉበት ፕሮግራም ነበር፣ በ1970ዎቹ በጣም ታዋቂ፣ ሁሉም ሰው የወደደው። ከዛ ያላለፉበት ልጆች ጋር በዕጣ ተመድበው ሲነጻጸሩ ያለፉበት የባሰ ጥፋት ሰርተው ተገኙ። ግሩፑ ውስጥ ማንም አላመነም፣ ጋሼ ብቻ "እኔስ አምናለሁ፣ ልጆቹ ሲወጡ ጀግና ሆነው ነው የሚወጡት" አሉ።

ነውሩ ደግሞ ይሄ ነው። አንድ ስላይድ ላይ ትልልቅ ቁጥር ጽፈው አሜሪካ 68 ከመቶ፣ ኖርዌይ 20 ከመቶ፣ "ድጋሚ ወንጀል የሚሰሩ" ብለው ለጥፈውታል፣ ከዛ የኖርዌይን እስር ቤት ክፍል ፎቶ ያሳያሉ፣ ሁሉም ወይ ጉድ ይላል። እኔ ደግሞ ቁጥር ሳይ የሚያሳክከኝ ሰው ነኝ፣ ሄጄ አገላበጥኩት። የአሜሪካው 68 በ2005 ከ30 ስቴቶች እስር ቤት ከወጡት ውስጥ በሦስት ዓመት ውስጥ ድጋሚ የተያዙት ነው፣ የተያዙ፣ የተፈረደባቸው አላለም። የኖርዌዩ በሁለት ዓመት ውስጥ ድጋሚ የተፈረደባቸው ነው። ኖርዌይ ላይ የሚታሰረውም ሰው ዓይነቱ ይለያል፣ አጭር እስር ብዙ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የአንዱን ቁመት በሜትር የሌላውን ክብደት በኪሎ ለክቶ ማን ይበልጣል እንደማለት ነው። የኖርዌይ አያያዝ የተሻለ ሊሆን ይችላል፣ እኔም የተሻለ ይመስለኛል፣ ግን ማስረጃ ተብሎ እንዲህ አይቀርብም፣ ማስረጃ አጣሩ የሚል ኮርስ ላይ ደግሞ ጭራሽ። ጽፌላቸው አስተማሪዋ አመስግና በሚቀጥለው ዙር ይስተካከላል ብላኛለች፣ ይስተካከል አይስተካከል እናንተ ታዩታላችሁ።

የ1990ዎቹ ነገርም እዚሁ አለ፣ አሜሪካ ውስጥ ወንጀል በአንዴ ሲወርድ ሁሉም የኔ ስራ ነው አለ፣ እስር ቤት የጨመረውም፣ ፖሊስ የቀጠረውም፣ ከቤንዚን ውስጥ ሊድ (አእምሮ የሚጎዳ ብረት) ስለወጣ ነው ያለውም። ችግሩ ካናዳም ላይ በዛው ጊዜ ወረደ፣ ካናዳ ደግሞ እንደ አሜሪካ ሰው አላጎረችም። አስተማሪው ይሄንን ያለ መልስ ክፍት አድርገው ተዉት፣ ወደድኩላቸው።

ስድስተኛው ሳምንት ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ክፍል ነው፣ መከላከል። ጥሩ ነው ግን ተጣድፏል። ከውስጡ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ፣ ቺካጎ ውስጥ በ2012 ወንጀል ከበዛባቸው ሰፈሮች ካሉ 13 ሃይስኩሎች 1,634 ተማሪዎች ላይ ዕጣ ወጥቶ የተወሰኑት ለስምንት ሳምንት የክረምት ስራ ተሰጣቸው። በ16 ወር ውስጥ በኃይል ወንጀል የመያዝ ቁጥራቸው ዕጣ ካልወጣላቸው በ43 ከመቶ አነሰ። ልጅቷ "ይኸው! ድህነት ነው አላልኩም!" ብላ ዘለለች፣ ግን ሁለት ነገር አለ፣ ስርቆት አልቀነሰም፣ ድብድቡና ጥቃቱ ነው የቀነሰው፣ ቅናሹም በብዛት የታየው ስራው ካለቀና ደሞዙ ከቆመ በኋላ ነው። ገንዘቡ ብቻ ቢሆን የሚቀንሰው ስርቆት ነበር። ታዲያ ምንድነው? ከአለቃ ጋር ሳይጣሉ መነጋገር መልመድ ይሆን፣ የሆነ ትልቅ ሰው በየቀኑ ለምን አረፈድክ ብሎ መጠየቁ ይሆን፣ አልታወቀም። ይሄንን ቅዳሜ ሙሉ ብንከራከርበት ይገባው ነበር፣ 15 ደቂቃ ተሰጠው።

አሁን ወደ ትልቁ ቅሬታዬ። ሰባተኛው ሳምንት "ተበዳይና እርቅ" ይላል፣ ቪዲዮው ስንት ደቂቃ ነው? 22። ከስምንት ሳምንት ውስጥ የተሰረቀው፣ የተደበደበው፣ የተገደለበት ሰው ድርሻ 22 ደቂቃ። ጥሩ ታሪክ ነው የተነገረበት፣ ካናዳ ውስጥ በ1974 ሁለት ጎረምሶች ሰክረው በአንድ ሌሊት 22 ቦታ መስኮት ሲሰብሩ ጎማ ሲበሱ አደሩ፣ ጉዳያቸውን የያዘው ሰው ለዳኛው ለምን ቤት ለቤት ሄደው ተበዳዮቹን ፊት ለፊት አያናግሩም አለ፣ ዳኛው እሺ አለና ልጆቹ በር እያንኳኩ ሄዱ፣ የሰበሩትንም ከፈሉ፣ ዛሬ በብዙ አገር የሚሰራበት የበዳይና ተበዳይ ሽምግልና ከዛ ነው ያደገው። ኒውዚላንድም በ1989 ለወጣት ጥፋተኞች በህግ ደረጃ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ስርዓት አስገባች። ከዛስ? ከዛ አለቀ፣ ኪዊዝ።

የቅዳሜው ክርክር ላይ ግን አስተማሪው ያላሰበው ነገር ሆነ። ስድስት ሳምንት አንድም ቃል ያልተናገረች ሴት ካሜራዋን ከፍታ ወንድሜ ታስሯል አለች፣ ሰው ቤት ገብቶ። ሁላችንም ዝም። እሱ እንደሚለው ስለተሰረቁት ሰዎች አንድ ቀን አስቦ አያውቅም አለች፣ ስለ ዕቃው እንጂ፣ ፍርድ ቤትም ቁጭ ብለው ሳያያቸው ነው የተፈረደበት። እኔ ነኝ የመጀመሪያው የተናገርኩት፣ ላፕቶፑ ላይ የአባቴ ፎቶዎች ነበሩ፣ ሌላ ቦታ የሉም፣ ሌባውን ባገኘው የምጠይቀው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ፎቶዎቹን አይቷቸው እንደሆን ነው አልኳት። ስጀምር እጁ ይቆረጥ ያልኩት ሰውዬ ነኝ ይሄንን ያልኩት። አሁንም ቢያዝ ይታሰርልኝ እላለሁ፣ አልተለወጥኩም በዛ በኩል፣ ብቻ የምፈልገው ነገር እሱ ብቻ አለመሆኑን አላውቅም ነበር። ልጅቷም ጋሼም አልተከራከሩም ያን ቀን። አስተማሪው ሰዓቱ አልቋል ብለው ዘጉት፣ በጣም ተናድጄባቸዋለሁ፣ አስር ደቂቃ ቢጨምሩ ምን ይሆኑ ነበር?

ስምንተኛው ሳምንት ማጠቃለያ ክርክር ነው፣ ለሁለት ቡድን ተከፍሎ አንዱ ቅጣት ይጥበቅ አንዱ መከላከል ይቅደም ይላል። እንደኔ እንደኔ ባይኖር ይሻላል፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ ሁለት ጥያቄ አታደበላልቁ ብሎ አስተምሮ መጨረሻ ላይ መልሶ አደበላለቀው። ጋሼ ሆን ብለው የመከላከል ቡድን ውስጥ ገቡ፣ የቅጣቱን 30 ዓመት አይቼዋለሁ ብለው።

ትንንሽ ነገሮች፦ ግራፎቹ በስልክ አይነበቡም፣ ኮምፒውተር ከሌላችሁ ከሰው ተዋሱ። የሦስተኛው ሳምንት ሁለተኛ ቪዲዮ ድምጹ ከአፍ ጋር አይሄድም። ኪዊዞቹ ዓመተ ምህረት ማስታወስ ነው የሚፈትኑት፣ ቤካሪያ በስንት ጻፈ ብሎ ከመጠየቅ ለምን ትክክል ሊሆን ይችላል ብሎ ቢጠይቅ ይሻል ነበር። ምሳሌው በሙሉ ማለት ይቻላል ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝና ከአውሮፓ ነው፣ ጥናቱ እዛ ስለበዛ ነው ይላሉ፣ ይሁን፣ ግን ሌላ ቦታ ላይ ላይሰራ ይችላል ብለው አንዴ እንኳን ቢያስጠነቅቁ። ኢሜይል ቶሎ ይመልሳሉ፣ ይሄ እውነት ነው።

ለማን ይሆናል? ለተናደደ ሰው ይሆናል፣ የምሬን ነው። ህግ ለሚማር ምናልባት ይቀለው ይሆናል፣ ከደረሰበት ነገር ገና ላልወጣ ሰው ግን አይሆንም፣ ገና ትኩስ ቁስል ይዛችሁ ሦስተኛውን ሳምንት ስለ ጥፋተኛው አስተዳደግ መስማት ይከብዳል፣ ትንሽ ጊዜ ስጡት። ከተመዘገባችሁ የቅዳሜውን ግሩፕ ምረጡ፣ የማክሰኞው ዝምታ ነው ብለውኛል። ሰርተፍኬት በሁለት ሳምንት ይመጣል ብለው በአምስት ሳምንት መጣ፣ ስሜ በአንድ ፊደል ተሳስቶ። ጽፌላቸዋለሁ፣ እየጠበቅኩ ነው።